ዶክትሬቱን ያልጨረሰው ዶክተር

ሐውልታቸው አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዶክተር ክዋሜ ንክሩማህ ብለን ስንጠራቸው ግን ዶክትሬታቸውን ሳይጨርሱ ከትምህርት ዓለም እንደወጡ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ከጎልድ ኮስት ወደ አሜሪካ ሲጓዙ ለንደን ላይ የጠበቃቸው ወሬ የሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረር ነበር። ነገሩን እንደ ግል ጥቃት ነው የቆጠሩት። በ1939 ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከዚያም በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1942 በትምህርት፣ በ1943 በፍልስፍና ማስተርሳቸውን ያዙ። ገንዘብ የሚባል ነገር ግን አልነበራቸውም። ሃርለም ውስጥ ዓሣ ሸጠዋል፣ ሳሙና ፋብሪካ ሠርተዋል። መርከብ መሥሪያ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋት ሲሠሩ ከርመው የሳንባ ምች ጣላቸው። ሐኪም ስለሆንኩ ይሆናል፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ።

በ1945 ለንደን የተመለሱት ሕግ ሊማሩና የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ ነበር። ታዲያ በጥቅምት ወር ማንቸስተር ላይ አምስተኛውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ሲያስተባብሩ ተገኙ። በ1947 የአገራቸው የፖለቲካ ድርጅት ዋና ጸሐፊ እንዲሆኑ ሲጠራቸው ጽሑፉን ትተው ሄዱ። ዶክተር ያሰኛቸው፣ ሊንከን በ1951 የሰጣቸው የክብር ዶክትሬት ነው። ጋና በ1957 ነጻ ወጣች።

እኔም የፒኤችዲ ጥናቴን ሦስተኛ ዓመት ላይ ትቼ ወደ ሕሙማኔ ተመልሻለሁ። የንክሩማህን ታሪክ የማነሳው ግን ለመጽናናት አይደለም፤ ለዚያ አይመችም። ከጠሯቸው ሰዎች አንዱ ጆሴፍ ዳንኳ ለንደን ላይ በፍልስፍና ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ምሁር ነበሩ። የንክሩማህ መንግሥት ያለ ፍርድ አሰራቸውና በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ንክሩማህም በዓመቱ ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1972 ቡካሬስት ላይ አረፉ። ከሁለቱ ማን ምን እንደሠራ በዲግሪው መለየት አይቻልም።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ትምህርቱን ትቶ ለወጣ ተማሪ በመዝገባችሁ የሚጻፍለት ቃል አንድ ነው፤ አቋረጠ ይባላል። ከጎኑ፣ ወዴት እንደሄደና እዚያ ምን እንደሠራ የሚሞላበት አንድ መስመር ቢጨመርስ? የእኔን ለመሙላት ዝግጁ ነኝ።