ሰንበትን ያከበረው ሯጭ ኤሪክ ሊድል

የስኮትላንዳዊውን ሯጭ የኤሪክ ሊድልን ስም የሰማ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው እሑድ አልሮጥም ማለቱን ነው። በ1981 የወጣው «የእሳት ሠረገሎች» የተሰኘው ፊልም ይህንኑ በዓለም ዙሪያ አሳውቋል። ፊልሙ ግን ትረካውን በፓሪሱ ድል ላይ ይቋጫል። እኛ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ዓመታት ዘልለን ማለፍ አልወደድንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊድል በ1902 በሰሜን ቻይና በቲያንጂን ከተማ ከስኮትላንዳውያን የፕሮቴስታንት ልዑካነ ወንጌል ተወለደ። በልጅነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እንግሊዝ አገር በአዳሪ ትምህርት ቤት ቆየ፤ ከዚያም በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ተማረ። በራግቢ ለስኮትላንድ ሰባት ጊዜ ተሰልፏል። በ1923 በብሪታንያ ሻምፒዮና 100 ያርድን በ9.7 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያው ዓመት በአንድ የ440 ያርድ ውድድር ገና ከመነሻው ተገፍቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም ቀድመውት የሄዱትን ሁሉ ደርሶ አሸነፈ።

በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ የተመደበው ለእሑድ ሐምሌ 6 ቀን ነበር። ፊልሙ ሊድል ይህን መርከብ ሲሳፈር እንደ ሰማ አድርጎ ቢያሳይም፣ ነገሩን ያወቀው ከብዙ ወራት በፊት ነው። ስለዚህ 100 ሜትሩንና ሁለቱን የዱላ ቅብብል ውድድሮች ትቶ ለ400 ሜትር ተዘጋጀ። ውሳኔው ወቀሳ አስከተለበት። የ100 ሜትሩን ወርቅ የአገሩ ልጅ ሃሮልድ አብራሃምስ ወሰደ፤ ሊድል ግን በ200 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ ከሁሉ ውጭ ባለው መም፣ ተፎካካሪዎቹን ከፊቱ ሳያይ፣ 400 ሜትርን በ47.6 ሴኮንድ ሮጦ ወርቁን አገኘ።

በማግሥቱ ዓመት ሩጫውን በክብሩ ጫፍ ትቶ ወደ ቻይና ተመለሰ። በቲያንጂን የሳይንስ መምህር ሆነ፤ በ1932 በማኅበረ ክርስቲያኑ ሥርዓት አገልጋይነትን ተቀበለ፤ በ1934 ትዳር መሠረተ። ጦርነቱ በበረታበት ጊዜ ወንድሙ በሐኪምነት ወደሚሠራበት ወደ ሲያዎጃንግ ገጠር ሄደ። በ1941 ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ወደ ካናዳ ሸኝቶ እርሱ ቀረ።

በመጋቢት 1943 ጃፓናውያን በዌይሲየን፣ በዛሬዋ ዌይፋንግ፣ ባቋቋሙት ካምፕ አሰሩት። ከ1500 የሚበልጡ የውጭ አገር ሰዎች በዚያ ታጉረው ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በርካታ የካቶሊክ ካህናትና ደናግል አብረው ታስረዋል። ሊድል ለልጆቹ ሳይንስ ያስተምር፣ ለወጣቶች ጨዋታ ያዘጋጅ ነበር፤ እሑድ እሑድ ግን ጨዋታ አይመራም። አንድ እሑድ ልጆቹ ራሳቸው ሆኪ ሊጫወቱ ወጡ፤ ዳኛ ስላልነበራቸውም ጨዋታው በድብድብ አለቀ። በተከታዩ እሑድ ሊድል ራሱ ዳኛ ሆኖ ሜዳ ገባ።

በየቁምስናችን የእሑድ ኳስ ስንት ጊዜ እንዳከራከረን ካቴኪስቶቻችን ያውቃሉ። እኛ ይህኛው ውሳኔ ከፓሪሱ ይልቅ ሳይከብደው አልቀረም ብለን እናስባለን። በፓሪስ ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ ነበር፤ በካምፑ ግን እርሱ ሕጉን ቢጠብቅ የሚጎዱት ቤተሰቦቻቸው በሩቅ ያሉባቸው ልጆች ነበሩ።

በመጨረሻው ክረምት ራስ ምታት ጸናበት። የካቲት 21 ቀን 1945፣ በተወለደ በ43 ዓመቱ፣ በአንጎል ዕጢ ምክንያት በካምፑ ሆስፒታል ዐረፈ። ካምፑ ነጻ የወጣው ነሐሴ 17 ቀን ነው። እናቷ ካናዳ ከገባች በኋላ የተወለደችውን ሦስተኛ ልጁን አላያትም።