ቁስላቸውን ይዘው የተሰደዱት ሐኪም

ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው በሥነ ልቡና ትምህርት በዓለም የታወቁት ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ናቸው። እኒህ ሰው እንደ እናንተው ስደትን ቀምሰዋል። የተሰደዱትም በ82 ዓመታቸው፣ የአፍ ካንሰር ቁስል ይዘው ነው።

ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ ቪየና ወሰዷቸው፤ በዚያም ተምረው ሐኪም ሆኑ። የተጨነቀን ሰው በማነጋገርና በትዕግሥት በማዳመጥ የማከም ዘዴ መሠረቱ። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበራቸው፤ ሲጋር ከአፋቸው አይለይም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1923 መጀመሪያ በአፋቸው ውስጥ እብጠት አዩ። ሐኪም ሆነው ሳለ ለሁለት ወር ያህል ደበቁት። በሚያዝያ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ቁስሉ ደም ያፈስ ጀመር። ደወሉን ቢጫኑ አልሠራም። ያተረፋቸው በዚያው ክፍል የተኛ፣ ቁመቱ አጭር፣ አእምሮውም ያልዳበረ ሌላ በሽተኛ ነበር፤ እርሱ ሮጦ እርዳታ ጠራ። ብዙ ሰው የሚንቀው ሰው የታላቁን ሐኪም ሕይወት አዳነ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ዶክተር ሐንስ ፒህለር የላይኛውን መንጋጋቸውንና የላንቃቸውን ከፊል ቆርጠው አወጡ። በጎደለውም ቦታ ሰው ሠራሽ ላንቃ ተተካ። ያለ እርሱ አፍና አፍንጫ ስለሚገናኙ በደንብ መብላትም መናገርም አይቻልም። ነገር ግን የአፍ ቁስል እንደ እጅ ቁስል በጨርቅ አይታሸግም፤ ምራቅና የምግብ ትርፍራፊ ስለሚነካው ቶሎ ያመረቅዛል። ሰው ሠራሹ ላንቃም ሥጋውን እየፋቀ አዲስ ቁስል ያወጣ ነበር። ፔኒሲሊን ገና ለበሽተኞች መሰጠት አልጀመረም ነበርና ዋናው መከላከያ ንጽሕና ነበር። ልጃቸው አና ላንቃውን በማውጣትና በመመለስ፣ ቁስሉንም በመመልከት ሳትሰለች አስታመመቻቸው። በ16 ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም።

እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። አናን ወስደው ሲመረምሯት ከዋሉ በኋላ ቤተሰቡ ለመሰደድ ቆረጠ፤ በሰኔም ለንደን ገባ። በቪየና የቀሩት አራት አረጋውያን እኅቶቻቸው ግን በናዚዎች እጅ አለቁ። ፒህለር በዚያው ዓመት ለንደን ድረስ ሄደው በሽተኛቸውን እንደገና አከሙ። በመጨረሻ ቁስሉ ከመሽተቱ የተነሣ የሚወዱት ውሻቸው እንኳ ይሸሻቸው ነበር። ፍሮይድ መስከረም 23 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. በለንደን ዐረፉ። አና ግን በዚያው በስደት አገር፣ በጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት መዋያ ከፈተች።

ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ? ትምባሆ አትልመዱ። በአፋችሁ ያለ ቁስል ወይም እብጠት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ አትደብቁት፤ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወላጆች ሆይ፣ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው፣ ቁስሉ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት። ቁስሉን ከመንካታችሁ በፊትም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ስለ ሽታው ብላችሁ ግን ከበሽተኛው አትራቁ፤ አናም አልራቀችም።