ፍሎረንስ ናይቲንጌልና አካፋዩ ቁጥር

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሲባል ሁላችንም የምናስባቸው ሌሊት ፋኖስ ይዘው በቁስለኞች አልጋ መካከል ሲዘዋወሩ ነው። ስለ ፋኖሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ እናልፈዋለን። ልናወሳ የፈለግነው ስለ ሒሳባቸው ነው፤ የሕክምና ተመራማሪ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ እኒህ ሴት በብዕርና በወረቀት ሠርተውታልና። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት በ1820 በኢጣሊያ፣ ስማቸው በተወሰደባት በፍሎረንስ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ባለጸጎች እንግሊዛውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን የባለጸጋ ልጅ አስታማሚ ልሁን ማለቷ ለቤተሰቡ እንደ ውርደት ይቆጠር ስለ ነበር፣ ፈቃድ እስኪያገኙ ብዙ ዓመት ታገሉ።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በኖቬምበር 1854፣ 38 አስታማሚዎች አስከትለው ከኢስታንቡል ማዶ በስኩታሪ ወደ ነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሱ። ወታደሩ ከጥይት ይልቅ በኮሌራ፣ በተስቦና በተቅማጥ ያልቅ ነበር። በማርች 1855 ከእንግሊዝ አገር የተላከ የንጽሕና ኮሚሽን መጥቶ የፍሳሹን ቦይ አስጠረገ፤ ክፍሎቹም ነፋስ እንዲያገኙ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሟቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

ወይዘሪት ናይቲንጌል ግን በዚያን ጊዜ ዋናው ገዳይ የምግብና የልብስ እጦት፣ የወታደሩም ድካም ይመስላቸው ነበር። ሐሳባቸው የተለወጠው በ1856 ወደ አገራቸው ተመልሰው ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር የሟቾቹን መዝገብ ሲመረምሩ ነው። መዝገቡ ሲቆጠር ራሳቸው ያገለገሉበት ሆስፒታል ቆሻሻ ከገዳዮቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማመን ለማንም ቀላል አይደለም፤ እርሳቸው ግን አልሸሸጉትም።

የጃንዋሪ 1855ን መሥመር ብቻ እንውሰድ። የጦሩ ብዛት 32,393 ነበር። በዚያ ወር በቁስል የሞቱት 83፣ በተላላፊ በሽታ የሞቱት 2,761 ናቸው። የሟቾቹን ቁጥር በ12 አባዝተው በጦሩ ብዛት ሲያካፍሉት በዓመት ከ1,000 ወታደር 1,023 ሆነ። ይኸውም በሽታው እንደዚያ ወር ቢቀጥልና ምትክ ባይላክ፣ ጠላት አንድ ጥይት ሳይተኩስ ጦሩ በዓመት ውስጥ ባለቀ ነበር ማለት ነው። ሹማምንት ሠንጠረዥ እንደማያነቡ ያውቁ ነበርና፣ በ1858 ባሳተሙት ሥዕል እያንዳንዱን ወር በክብ ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ዘርግተው የበሽታውን ሞት በሰማያዊ አስቀለሙት። ሰማያዊው ሌላውን ሁሉ ውጦት ይታያል። በዚያው ዓመት የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ተቀበላቸው፤ ከሴቶችም የመጀመሪያዋ አባል ሆኑ።

ይሁን እንጂ በ1863 ስለ ሆስፒታሎች በጻፉት መጽሐፍ ከፋር የተገኘ አንድ ሠንጠረዥ አወጡ። በ24 የለንደን ሆስፒታሎች በ1861 የሞቱት 3,828 ሲሆኑ፣ በዚያ ዓመት በአንድ የኤፕሪል ቀን ተኝተው የተቆጠሩት 4,214 ስለ ነበሩ የሟቹ ምጣኔ ከመቶ 90.84 ነው ይላል። ሐኪሞች ተቆጡ፤ በእኛም አስተያየት እውነት ነበራቸው። በአንድ አልጋ ላይ በዓመት ብዙ በሽተኛ ይፈራረቃል፤ የዓመት ሟች በአንድ ቀን ተኚ አይካፈልም። ለጦሩ አካፋዩን እንዲያ አጥርተው የመረጡ ሰው እዚህ ላይ መሳታቸው ያስገርማል።

የክሪሚያው የ24 ወር ሠንጠረዥ ዛሬ አር ለሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በተዘጋጀው ሂስትዳታ በተባለ ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የፈለገ ተማሪ ሰማያዊውን አበባ በጥቂት መሥመር ትእዛዝ ሊሥለው ይችላል። የለንደኑንም ቁጥር ቢያስገባለት ፕሮግራሙ 90.84ን በዚያው ፍጥነት ያወጣለታል፤ 4,214ቱ እነማን ናቸው ብሎ አይጠይቀውም። በሕክምና ፋኩልቲ ያሉ ጓደኞቻችን ሶፍትዌሩን ከመክፈታቸው በፊት የሚያባክኑት የሚመስለን ጊዜ ምናልባት የሚውለው በዚህ ጥያቄ ላይ ይሆናል።

ወይዘሪት ናይቲንጌል ከጦርነቱ በያዛቸው ሕመም ምክንያት ብዙውን ዘመናቸውን በአልጋ ላይ ሆነው ሠሩ። ሆስፒታሎች ሁሉ በሽታንና ሞትን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ያቀረቡት ሐሳብ በ1860 ለንደን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ድጋፍ አገኘ። በ1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። በዌስትሚኒስተር ከታላላቆቹ ጋር እንዲቀበሩ ቢጠየቅም ዘመዶቻቸው አልተቀበሉም። በመንደር ቤተ ክርስቲያን ባለው መቃብራቸው ላይ የስማቸው ሁለት ፊደላት፣ የተወለዱበትና የሞቱበት ቀን ብቻ ተቀርጸዋል።