የሰረገላ ነጂው ልጅ፤ ዮሐን ዶበራይነር

በኬሚስትሪ ትምህርታችን የዶበራይነርን ስም የምናገኘው ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ንጥረ ነገሮችን ሦስት ሦስት አድርጎ የመደበ ሊቅ ነው ይባልና ወዲያው ወደ ሜንዴሌቭ ይታለፋል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ከዚህ የሚበልጥ ሥራ እንዳለው ስለ ተረዳን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ዶበራይነር በጀርመን አገር፣ በሆፍ ከተማ አጠገብ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሰረገላ ነጂ ስለ ነበረ ልጁን በሚገባ ለማስተማር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ገና በልጅነቱ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። የጎደለውን ትምህርት መጻሕፍት በማንበብና ሊቃውንት ሲያስተምሩ በመስማት ሞላው። ካደገም በኋላ የጀመረው ንግድ ከስሮበት ተቸገረ። በዚህ ላይ ሳለ በ1810 የዬና ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር አድርጎ ሾመው። ባለቅኔው ጎቴም ወዳጁ ሆነ፤ ሲያስተምርም እየመጣ ያዳምጠው ነበር።

በ1823 ፕላቲኒየምን እንደ ሰፍነግ አድርጎ አዘጋጀና ሃይድሮጂን ጋዝ ነፋበት። ፕላቲኒየሙ ግሎ ጋዙ በራሱ ተቀጣጠለ። በጭረት የሚነድ ክብሪት ገና ባልወጣበት ዘመን ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ዶበራይነር ዚንክና ሰልፈሪክ አሲድ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እያገናኘ ሃይድሮጂን የሚያወጣ፣ ጋዙንም በፕላቲኒየሙ ላይ እየነፋ እሳት የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በብዙ ሺህ ተሸጠ፤ እርሱ ግን የባለቤትነት መብት አላወጣበትም። ድህነትን የቀመሰ ሰው እንዲህ ማድረጉ እኛን እጅግ አስገርሞናል። ከእኛ መካከል ሞኝነት ነው ያሉ አሉ፤ የሚበዙት ግን አልተስማሙም።

በዚህ ሥራ ፕላቲኒየሙ አያልቅም፣ አይለወጥምም፤ ሌሎቹን ብቻ ያፋጥናል። ይህን ዓይነቱን ሥራ ስዊድናዊው ቤርሴሊየስ በ1835 ካታሊሲስ ብሎ ሰየመው፤ ፈጣኙንም ነገር ዛሬ ካታሊስት እንለዋለን።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ግኝቱ ነው። ዶበራይነር ቀድሞ ከሞቱ ጉንዳኖች ይወጣ የነበረውን ፎርሚክ አሲድ በሌላ መንገድ ሲሠራ፣ ጥቂት ዘይት መሰል ፈሳሽ አብሮ እንደ ወጣ አየና በ1832 ጻፈው። ያን ጊዜ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ አልነበረም። ቆይቶ ሌሎች ኬሚስቶች ይኸው ፈሳሽ ከአጃ፣ ከፉርሽካና ከሰጋቱራ በሰልፈሪክ አሲድ እንደሚወጣ ደረሱበት። ስሙም ፉርፉራል ነው፤ በላቲን ፉርፉር ማለት ፉርሽካ ነውና። በ1922 የአሜሪካው ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ በፋብሪካው ተከምሮ ያስቸገረውን የአጃ ገለባ ፉርፉራል ያወጣበት ጀመር። ከእርሱም ሙጫና የዘይት ማጣሪያ ፈሳሽ ተገኘ።

ነገር ግን ሰልፈሪክ አሲዱ ራሱ ችግር አለው። ዕቃ ይበላል፤ ከተሠራው ነገር ለመለየት ያስቸግራል፤ ሲደፋም ውኃና አፈር ያበላሻል። ፕላቲኒየም ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ በ2005 የጃፓን ኬሚስቶች ስኳርን በከፊል አክስለው፣ በከሰሉ ላይ የሰልፈሪክ አሲድን ወገን አጣበቁበት። የተገኘው ጥቁር ዱቄት እንደ አሲድ ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ተጠልሎ ይወጣና እንደ ገና ያገለግላል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች በስኳር ፈንታ የሩዝ ገለባን፣ የሸንኮራ አገዳ ምጣጭንና ሰጋቱራን እያከሰሉ ሞክረዋል። በአገራችንም በየቡና መፈልፈያው ደጃፍ የሚከመረው የቡና ገለፈት ከዚህ ወገን ነው። ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ በሙቅ ውኃ ውስጥ አሲዱ ከከሰሉ እየለቀቀ ኃይሉ ይደክማልና።

ዶበራይነር በዬና እያስተማረ ኖሮ በ1849 ዐረፈ። ካታሊስትንም፣ ከፉርሽካ የሚወጣውንም ፈሳሽ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቷቸው ነበር።