የኳስ ተጫዋቾች ጠበቃ ቢሊ ሜሬዲዝ

ሰው ሥራውን ከልቡ የወደደ እንደ ሆነ ስለ ደመወዙ መናገር ነውር ይሆንበታልን? ይህ ጥያቄ መምህሩንም፣ ጸሐፊውንም፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግለውንም ወጣት የሚመለከት ነው። ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ ከተነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ ግን የኳስ ሜዳ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ዛሬ በአገራችን ከተሞች የማንቸስተርን ሁለት ቡድኖች ስም የማያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ሁለቱም ቡድኖች የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫቸውን ባገኙ ጊዜ በመካከላቸው የነበረውን ሰው የሚያውቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የቢሊ ሜሬዲዝን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቢሊ ሜሬዲዝ ጁላይ 30 ቀን 1874 በዌልስ አገር፣ ከእንግሊዝ ወሰን ብዙ በማትርቀው በቸርክ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አካባቢው የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ስለ ነበረ የመንደሩ ወንድ ልጅ ሁሉ ዕድሜው ሲፈቅድ ወደ ጉድጓድ መውረዱ የታወቀ ነገር ነው። ሜሬዲዝም በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የከሰል ጋሪ የሚጐትቱትን ትንንሽ ፈረሶች በምድር ውስጥ መንዳት ጀመረ። ማዕድን ቆፋሪዎች ከአቧራው የተነሣ አፋቸው እንዳይደርቅ ትንባሆ የማኘክ ልማድ ነበራቸው። እርሱም ይህን ልማድ ይዞ ወጣ፤ በኋላም ትንባሆውን በጥርስ መጐርጐሪያ ስንጥር ለወጠው። ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት የጨዋታ ዘመኑ ስንጥሩን ሳይነክስ ወደ ሜዳ ሲገባ የሚታየው ከስንት አንዴ ነበር። የጋዜጣ ሠዓሊዎችም የሜሬዲዝን መልክ ለመሣል ስንጥሯን ካስቀመጡ ሌላው ሁሉ ይቀልላቸው ነበር።

ቸርክ ትንሽ ብትሆንም በአንድ ነገር ዕድለኛ ነበረች። ቲ. ኢ. ቶማስ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ልጆቹን ከፊደል ጋር እግር ኳስ ያስተምራቸው ስለ ነበረ፣ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ለመጫወት በቅተዋል። ሜሬዲዝ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1894 የቸርክ ቡድን የዌልስን ዋንጫ ሲያገኝ የ19 ዓመቱ ወጣት በቀኝ ክንፍ ተሰልፎ ነበር። እግሮቹ ቀጫጭን፣ ሰውነቱ ለታይታ የማይበቃ ሲሆን፣ በመስመሩ ዳር እየሮጠ ኳሱን አሳልፎ ሲያሻግር ግን ተከላካዮች ይደነግጡ ነበር።

በዚያው ዓመት በመጸው ወራት ማንቸስተር ሲቲ ፈለገው። እናቱ ነገሩን አልወደደችውም። ቤተ ሰቡ በሃይማኖቱ የጠበቀ ሲሆን፣ በጨዋታ እንጀራ መብላት ለእርሷ የማይታመን ሥራ ነበር። የመንደሩ ማዕድን ቆፋሪዎችም ተጫዋቻቸውን ሊወስድ የመጣውን የክለብ ሰው ይዘው ኩሬ ውስጥ እንደ ጣሉት ይነገራል። የሆነ ሆኖ ሜሬዲዝ ፊርማውን ሰጠ፤ የጉድጓዱን ሥራ ግን ወዲያው አልተወም። በሳምንቱ ቀናት ከሰል ሲያወጣ ሰንብቶ ቅዳሜ በባቡር እየተሳፈረ ይጫወት ነበር። በጃንዋሪ 1895 ብቻ ነው የቡድኑ ባለ ደመወዝ ተጫዋች የሆነው። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አጣምሮ የሠራ ሰው እንደ መሆኑ፣ የኳስን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይቶ እንደ ቅንጦት ማየት ከቶ አልሆነለትም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የአንድ ባለ ደመወዝ ተጫዋች ኑሮ ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስል እንደ ነበር መግለጽ ያስፈልጋል። ተመልካቹ የሚያየው የቅዳሜውን ደስታ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ግን በአንድ ክለብ መዝገብ ላይ ስሙ ከሰፈረ በኋላ ያለዚያ ክለብ ፈቃድ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ክለቡ ደመወዙን አቁሞ ስሙን በመዝገቡ ይዞ ማቆየት ይችል ነበር። ክለቡ ለሌላ ሲሸጠውም ዋጋው ለክለቡ ነው። በዚህ ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ1901 ጀምሮ የማንኛውም ተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ለአሸናፊነት የሚሰጠውንም ጉርሻ ከለከለ።

አራት ፓውንድ በዚያ ጊዜ የድሀ ገንዘብ አልነበረም። አንድ ጥሩ የእጅ ባለሙያ ከሚያገኘው እጥፍ ያህል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ተጫዋቾች እዚያ አይደርሱም ነበር፤ የተጫዋችም ዕድሜ አጭር ነው። ጉልበቱ የተሰበረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ስለማይታደስለት ወደ ፋብሪካው ወይም ወደ ጉድጓዱ መመለስ ነበረበት። ሜዳውን በብዙ ሺህ ተመልካች የሚሞላው ሰውና በሜዳው መግቢያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሜሬዲዝ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ደንቡም ሰውን ሁሉ ሐሰተኛ አደረገው፤ ክለቦች በግልጽ መክፈል የተከለከሉትን በስውር ይከፍሉ ጀመር።

ኤፕሪል 23 ቀን 1904 ማንቸስተር ሲቲ ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ቦልተንን 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሜሬዲዝ ነበር፤ ግቧንም ያገባት እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ የዝናው ጫፍ ላይ ደረሰ። ውድቀቱም ከዚያ ሩቅ አልነበረም።

ቀጥሎ የምንተርከውን ክፍል ልንሸፋፍነው አንወድም። በ1905 የሊጉ ፍጻሜ ላይ ሲቲ ከአስቶን ቪላ ጋር ይጫወት ነበር፤ ሻምፒዮን ለመሆን ተስፋ የነበረው ቢያሸንፍ ብቻ ነው። ጨዋታውን 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከዚያም በኋላ ሜሬዲዝ ለቪላው አምበል ለአሌክ ሊክ 10 ፓውንድ ጉቦ ሊሰጥ ሞክሯል የሚል ክስ ቀረበበት፤ ፌዴሬሽኑም ለአንድ የጨዋታ ወቅት ያህል አገደው። መጀመሪያ ፈጽሞ ካደ። ክለቡ በእግዱ ጊዜ ሊረዳው ባልፈቀደ ጊዜ ግን ቃሉን ለወጠ። ነገሩን ያደረገው በቡድኑ ጸሐፊ በቶም ማሌ ፈቃድና ጓደኞቹ እያወቁ መሆኑን ተናገረ። እንዲሁም ክለቡ ከደንቡ ውጭ በሳምንት 6 ፓውንድ ይከፍለው እንደ ነበረ ገለጸ።

ውጤቱ ከባድ ነበር። በ1906 ፌዴሬሽኑ 17 ተጫዋቾችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አገደ፤ በጠቅላላው 900 ፓውንድ ቀጣቸው፤ ዳግመኛም ለሲቲ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ማሌም ከእንግሊዝ እግር ኳስ ተባረረ። ሜሬዲዝ እውነቱን የተናገረው ዘግይቶና ተቀይሞ መሆኑን መካድ አይቻልም። ጓደኞቹንም አስጐድቷል። ነገር ግን ያወጣው ምስጢር ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነበር። እኛ እንደሚመስለን ሜሬዲዝ ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ችግር የመጣ ዕለት ክለብ ለራሱ እንደሚቆም፣ ተጫዋች ግን ብቻውን እንደሚቀር ነው።

ሜሬዲዝ ከሦስት የሲቲ ጓደኞቹ ጋር ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተዛወረ። እግዱ በተነሣበት በጃንዋሪ 1 ቀን 1907 በመጀመሪያው ጨዋታው ኳሱን አሻግሮ ሳንዲ ተርንቡል የድሉን ግብ አገባ። ተቃራኒው ቡድን ያው አስቶን ቪላ ነበር። በ1908 ዩናይትድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1909 ደግሞ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ዋንጫ ወሰደ።

ከእነዚህ ድሎች በፊት ግን አንድ ሐዘን ደርሶ ነበር። በኤፕሪል 1907 ቶማስ ብላክስቶክ የተባለ የዩናይትድ ወጣት ተጫዋች በሁለተኛው ቡድን ጨዋታ ላይ ኳስ በራሱ ከመታ በኋላ ወድቆ ሞተ። መርማሪዎች ሞቱ ከተፈጥሮ የመጣ ነው ስላሉ ቤተ ሰቡ ካሣ አላገኘም። ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ያደገው ሜሬዲዝ በሥራ ላይ የሞተ ሰው ለቤተ ሰቡ ምን እንደሚያጐድል ያውቅ ነበር። ስለዚህ በዲሴምበር 2 ቀን 1907 በማንቸስተር በኢምፔሪያል ሆቴል የየክለቡ ተጫዋቾች ተሰብስበው የተጫዋቾችን ማኅበር ሲያቋቁሙ የስብሰባው ሊቀ መንበር እርሱ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ተጫዋች ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ለመቶዎች ማካፈል ነበር አሳቡ።

ማኅበሩ የፈለገው የደመወዙ ገደብ እንዲነሣ፣ ተጫዋቹም ውሉ ሲያልቅ ነጻ እንዲሆን ነው። ከሌሎች የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት ጋር በተባበረ ጊዜ ግን ፌዴሬሽኑ ተቆጣ። በ1909 ተጫዋቾች ሁሉ እስከ ጁላይ 1 ቀን ከማኅበሩ እንዲወጡ፣ ያለዚያ እንደሚታገዱ አዘዘ። ከብዙዎቹ ክለቦች ተጫዋቾች ደመወዛቸውን ለማዳን ሲሉ ወጡ። ሻምፒዮን የነበሩት የዩናይትድ ሰዎች ግን በአምበላቸው በቻርሊ ሮበርትስ መሪነት እምቢ አሉ። ደመወዛቸው ተቋረጠ፤ የክለባቸው ሜዳ ተዘጋባቸው። እነርሱም ሌላ ሜዳ ፈልገው ልምምዳቸውን ቀጠሉ፤ በሰሌዳም ላይ የተባረሩት ክለብ ብለው ጽፈው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከኤቨርተን ቲም ኮልማን መጥቶ ተጨመረ። ወቅቱ ሊከፈት ሲቃረብ ያፈገፈጉት ተጫዋቾች ልባቸው እየተመለሰ ስለ ሄደ፣ በኦገስት 31 ቀን ፌዴሬሽኑ ዕርቅ አደረገ። እግዱ ተነሣ፤ ማኅበሩም ታወቀለት።

ይህ ድል ግማሽ ድል ነበር። ጉርሻ መስጠት ተፈቀደ፤ የደመወዙ ጣሪያና የመዝገቡ እስራት ግን እንዳሉ ቀሩ። ማኅበሩም ከሌሎቹ ሠራተኞች ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ፤ ሜሬዲዝን ይህ አላስደሰተውም። በ1912 ኪንጋቢ የተባለ ተጫዋች በመዝገቡ እስራት ምክንያት በፍርድ ቤት ተከራክሮ ሲረታ፣ ለክርክሩ የወጣው ገንዘብ ማኅበሩን ለመክሰር አደረሰው።

ሜሬዲዝ ግን መጫወቱን አልተወም። በጨዋታ ዘመኑ ከመጠጥ በመራቅና ሰውነቱን በመጠበቅ የታወቀ ነበር። ለዌልስ ከ1895 እስከ 1920 ድረስ 48 ጊዜ ተሰለፈ። ክለቦቹ ቅዳሜን ለራሳቸው ስለሚፈልጉት እየከለከሉት እንጂ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ለአገሩ ለመጫወት እንኳ የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና። በማርች 1920 ለንደን ውስጥ እንግሊዝን 2 ለ 1 ባሸነፉ ጊዜ ዕድሜው 45 ነበር። ለአገሩ የተጫወተውም በዚያ አበቃ፤ ከጨዋታው በኋላ በልብስ መለወጫው ክፍል እንዳለቀሰ ይነገራል። በ1921 ወደ ቀድሞው ክለቡ ወደ ሲቲ ተመለሰ። በመጨረሻም በማርች 1924 በእንግሊዝ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በኒውካስል 2 ለ 0 ሲሸነፉ ሜዳ ላይ ነበር። 50 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በማንቸስተር መጠጥ ቤት እያስተዳደረ ኖረ። ሀብታም አልሆነም። ኤፕሪል 19 ቀን 1958 በ83 ዓመቱ ሞተ። የዩናይትድ ወጣቶች በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ካለቁ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበርና፣ ከተማው በዚያ ሐዘን ተይዞ ሳለ የሽማግሌው ሞት ብዙ አልተወራም። መቃብሩም ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳይኖረው ቆይቶ፣ በ2001 ማኅበሩ፣ የዌልስ ፌዴሬሽንና ሁለቱ ክለቦች በጋራ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙለት።

የደመወዙ ጣሪያ የተነሣው እርሱ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1961 ነው። በዚያን ጊዜ ጣሪያው በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር፤ በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ ለማቆም የዛተውና ያስነሣውም ሜሬዲዝ ሊቀ መንበር በሆነበት ስብሰባ የተጀመረው ማኅበር ነው። በ1963 ደግሞ ፍርድ ቤት የመዝገቡን እስራት ያለ አግባብ ነው ሲል ፈረደ። በዛሬ ጊዜ ተጫዋቾች የሚያገኙት ገንዘብ ለብዙ ሰው የሚያስገርም ሆኗል፤ እንዲያውም በዛ የሚሉ አሉ። ዳሩ ግን ማኅበሩ ከተቋቋመበት ቀን እስከዚያ ቀን ድረስ 53 ዓመት እንዳለፈ፣ በመካከሉም ስንት ጉልበት ተሰብሮ ስንት ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ማሰብ ይገባል።

ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ትወስዱ ዘንድ እንወዳለን። አንደኛው፣ ሥራን መውደድና የሥራን ዋጋ መጠየቅ የሚጣሉ አይደሉም። ሜሬዲዝ ኳስን እስከ 49 ዓመቱ ድረስ ወደደ፤ ዋጋዋንም እስከ መጨረሻው ጠየቀ። ሁለተኛው፣ በጉቦው ነገር የወደቀው ለብቻው በነበረ ጊዜ ነው፤ የቀናው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በግልጽ በተሰበሰበ ጊዜ። በስውር የተቀበለው 6 ፓውንድ ለራሱም አልበረከተለትም፤ በአደባባይ የጠየቀው ግን ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ ተረፈ።