የጋሪ ነጂው ሚኒስትርና የብሪታኒያ አቶሚክ ቦምብ

የኦጋዴንን ታሪክ የተከታተለ አንባቢ ለኧርነስት ቤቪን ስም እንግዳ አይደለም። በ1946 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ኦጋዴን ከብሪታኒያና ከጣሊያን ሶማሌላንድ ጋር ተጠቃሎ በሞግዚት አስተዳደር ሥር እንዲሆን ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ። በዚያው ዓመት በአንድ የለንደን ስብሰባ ላይ የተናገሩት ግን ሰሚ አገኘ።

ቤቪን በ1881 በሶመርሴት ገጠር ተወለዱ። አባታቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እናታቸው የሞቱባቸው በስምንት ዓመታቸው ነው። በ11 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በእርሻ ተቀጠሩ፤ በኋላም ብሪስቶል ከተማ ጋሪ ነጂ ሆኑ። ከዚያ ተነስተው በ1922 የተመሠረተውን ግዙፍ የትራንስፖርትና የጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር መሩ። በጦርነቱ ጊዜ የቸርችል የሠራተኛ ሚኒስትር፣ በ1945 ደግሞ የክሌመንት አትሊ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ዲፕሎማሲ አልተማሩም፤ ከአሠሪ ጋር መደራደር ግን ያውቁበታል። ባዶ እጁን ለድርድር የሚቀርብ ሰው ምን እንደሚደርስበትም አይጠፋቸውም።

የብሪታኒያ ሳይንቲስቶች በጦርነቱ ወቅት ቦምቡን ከአሜሪካኖች ጋር አብረው ሠርተዋል። ይሁንና በኦገስት 1946 ዋሽንግተን የማክማሆንን ሕግ አውጥታ የአቶሚክ ምስጢሯን ለወዳጅም ለጠላትም ዘጋች። ኦክቶበር 25 ቀን አትሊ ስለ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ፋብሪካ ለመምከር ጥቂት ሚኒስትሮችን ሰበሰቡ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ዳልተንና የንግድ ቦርዱ ፕሬዝዳንት ስታፎርድ ክሪፕስ በወጪው ምክንያት ተቃወሙ። ተቃውሟቸው የሚናቅ አልነበረም፤ አገሪቱ በአሜሪካ ብድር የምትተዳደር፣ በጦርነቱ እንኳ ያልነበረ የዳቦ ራሽን የጀመረች ነበረች።

ነገሩ ሊቀር ሲል ቤቪን ዘግይተው ገቡ። የአሜሪካው አቻቸው ጄምስ በርንስ በቅርቡ ያናገሯቸው አነጋገር ከንክኗቸዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ የሚመጣ ሚኒስትር እንዲያ እንዳይናገሩት፣ ቦምቡ የብሪታኒያ ሰንደቅ ዓላማ ሊያርፍበት ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። ስብሰባው አቅጣጫውን ቀየረ። የሶቭየት ስጋት ድርሻ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ በዚያች ቀን ሚዛኑን የደፋው ግን ክብር የተነካበት ሰው ንግግር ነው።

በጃንዋሪ 1947 ቦምቡን ለመሥራት ሲወሰን ዳልተንና ክሪፕስ አልተጠሩም። ፓርላማው የሰማው በሜይ 1948፣ ያውም በአንዲት አጭር የጥያቄ መልስ ነው። በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላደጉ ሰው ይህ መቼም ይገርማል።

ቤቪን ኤፕሪል 14 ቀን 1951 አረፉ። ቦምቡ በአውስትራሊያ ሞንቴ ቤሎ ደሴቶች የተሞከረው ኦክቶበር 3 ቀን 1952 ነው። በ1958 አሜሪካ ሕጓን አሻሽላ ምስጢሯን ለብሪታኒያ መልሳ ከፈተች። ዛሬ የብሪታኒያን የኑክሌር አረር የሚሸከሙት ትራይደንት ሚሳኤሎች አሜሪካ ሠራሽ ናቸው።