ሻምበል አበበ ቢቂላ ከማራቶን በኋላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለዱ። የክቡር ዘበኛ ወታደር ሳሉ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እየተመሩ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግራቸው የማራቶንን ድል ተቀዳጁ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በ35ኛው ቀን ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገሙት። ይህ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ለሕክምና ባለሙያ ግን ከዚህ የማያንስ ትምህርት የሚገኘው ከሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዷት ቮልስዋገን ተገለበጠችና እስኪነጋ ድረስ በውስጧ ተይዘው ቆዩ። የአንገታቸው ጉዳት ሕብለ ሰረሰራቸውን ስለ ነካው እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ራሳቸውን እንኳ ማንቀሳቀስ ተሳናቸው። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስደው ስምንት ወር ታከሙ።

በዚያ ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በመኝታ ቁስል ወይም በፊኛና በኩላሊት ልክፈት ይሞት ነበር። ጉትማን ሕመምተኛው ሌትም ቀንም በየጊዜው እንዲገላበጥ፣ የፊኛው ንጽሕና እንዲጠበቅ፣ ያልሰነፈው ጡንቻ በስፖርት እንዲበረታ አደረጉ። በዚህ ክብካቤ የሻምበል አበበ እጆች ተመለሱ፤ እግሮቻቸው ግን አልተመለሱም።

አከርካሪን በእጅ የማቃናት ጥበብ በብዙ አገር አለ። በአገራችን ወጌሻ ይሠራበታል፤ በአሜሪካ ዳንኤል ፓልመር በ1888 ዓ.ም. የጀመሩት ካይሮፕራክቲክ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ለወገብ ሕመም ማስታገሻነቱ የታወቀ ቢሆንም፣ የተጎዳን ሕብለ ሰረሰር እንደሚጠግን የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። አዲስ የተሰበረን አንገት መሳብና ማዞርማ በከፊል የተረፈውን ነርቭ ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ተሃድሶ የሚሠራው በተረፈው ነርቭና በአንጎል የመማር ችሎታ ላይ ነው።

ሻምበል አበበ ይህን በሕይወታቸው አሳዩ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደሩ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፉ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር የክብር እንግዳ ሆነው ሲገኙ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት ዐረፉ።

ሻምበል አበበ በሳምንት ውስጥ ከባሕር ማዶ ሐኪም ዘንድ ደርሰዋል። በሸሕዲ ቆላ ከመኪና ወይም ከዛፍ ወድቆ አንገቱን የተጎዳ ገበሬ ግን ወደ ጎንደር የሚወስደውን ረጅም መንገድ መጓዝ አለበት። አንገቱ ሳይነቃነቅ ተደግፎ መነሣቱና ገላው ከቁስል መጠበቁ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያወቀ እጅ ነው። ያን እጅ በየጤና ጣቢያው ማሠልጠን የሙያው ባለቤቶች ድርሻ ነው።